አስተያየት የተሰጠበትን አስፈሪ ትሬይለር ከየት ጀምሮ እንደሚታረም

ለክፍል ሥራ የተዘጋጀ አስፈሪ ትሬይለር (የፊልም ማስተዋወቂያ አጭር ቪዲዮ) መጀመሪያ ሲታይ የሚሰጠው አስተያየት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ረዘመ»፣ «አያስፈራም»፣ «ጨለማ ነው፣ አይታይም»፣ «ፊልሙን እኮ ጨረሳችሁት»። ይህን የሰማ ቡድን ወዲያው ካሜራውን አንግቦ ድጋሚ ሊቀርጽ ይወጣል። አትቸኩሉ። ከእነዚህ ቅሬታዎች አብዛኞቹ የሚፈቱት በእጃችሁ ባለው ቀረጻ ላይ ነው፤ ያውም ከምስሉ ይልቅ በድምፁና በጊዜው። ተመልካች የታመመውን ቦታ ያሳያችኋል፣ መድኃኒቱን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። «ጭራቁ አያስፈራም፣ ሜካፑን አሻሽሉት» ያለ ሰው እውነቱን ነው፣ አልፈራም። መድኃኒቱ ግን ጭራቁን ጭራሽ ከትሬይለሩ ማውጣት ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። ደሴ ነው፣ ክረምት ነው፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል። አንዲት ተማሪ ከእናቷ ጋር አያቷ ቤት መጥታለች። ቡና ተፈልቷል። ቤት ውስጥ ያለው ሦስት ሰው ነው፤ አያትየው ግን አራት ሲኒ እንዲቀዳ ያዛሉ። አራተኛው ሲኒ የሚቀዳለት ነገር ጓዳ ውስጥ አለ። ትሬይለሩ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይፈጃል፣ ከላይ ያሉት አራቱም ቅሬታዎች ቀርበውበታል።

አስተያየቱን እንደገና ሰብስቡ

መጀመሪያ የደረሳችሁ አስተያየት ለሥራ የሚበቃ ላይሆን ይችላል። ይሉኝታ አለ፤ ጓደኛ ፊት ለፊት ሲጠየቅ «አሪፍ ነው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ «ወደዳችሁት?» አትበሉ። ስክሪፕቱን ያላነበቡ ከ6 እስከ 8 ሰዎች ፈልጉ፤ ግማሾቹ በስልክ፣ ግማሾቹ በላፕቶፕ ወይም በፕሮጀክተር ይዩት። ከማሳየታችሁ በፊት አንድም ማብራሪያ አትስጡ። ካበቃ በኋላ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ታሪኩ ስለ ምንድን ነው? የቱ ጋ ሰውነታችሁ ተሸማቀቀ? መጨረሻው ምን የሚሆን ይመስላችኋል?

ትልቁን ሚስጥር የምታገኙት ከሦስተኛው ጥያቄ ነው። ሁሉም መጨረሻውን በትክክል ከነገሯችሁ ትሬይለሩ ብዙ አውርቷል። ማንም ምንም መገመት ካልቻለ ደግሞ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ እንኳ አልገባቸውም ማለት ነው። የሚፈለገው ሁሉም የየራሱን ግምት ይዞ እርስ በርስ ሲከራከር ነው።

ከተቻለ ሰዎቹን አስፈቅዳችሁ ሲያዩ ፊታቸውን በሌላ ስልክ ቅረጹ። አንገታቸውን ደፍተው ሰዓት ያዩበትን፣ በማይሳቅበት ቦታ የሳቁበትን ሰከንድ ጻፉ። አፍ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ ፊት ግን አይዋሽም።

ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ሰከንዱ፣ የተባለው፣ ስንት ሰው እንዳለው፣ ምክንያቱ ምን ይመስለናል። ከ8 ሰው 3ቱ ያነሱት ነገር መታረም አለበት። አንድ ሰው ብቻ ያነሳው የጣዕም ጉዳይ ይቆይ። ሰውን የሚያሳምም ወይም የሚያዋርድ ነገር ላይ ግን አንድም ሰው ይበቃል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ኤዲቱን ከመንካታችሁ በፊት የቀድሞውን ፕሮጀክት ኮፒ አድርጋችሁ «2» ብላችሁ ሰይሙ። የእርማቱ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ቆረጣ፣ ድምፅ፣ ድጋሚ ቀረጻ፣ ከለር፣ ጽሑፍ፣ ኤክስፖርት። ከለሩን አስቀድሞ ያስተካከለ ቡድን ኋላ የሚጥለውን ሾት (ያልተቆረጠ አንድ ቀረጻ) ሲያሳምር ሌሊቱን ይጨርሳል።

«ረዘመ» እና «ጨረሳችሁት»

ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ በሽታ ናቸው። ትሬይለሩ የሚረዝመው ስለሚያብራራ ነው። ለተማሪ ሥራ ከ60 እስከ 80 ሰከንድ ይበቃል። ታሪኩን እንደ ቡናው ሥርዓት በሦስት ክፈሉት። አቦል፦ ሰዎቹንና ቤቱን የምናውቅበት፣ እያንዳንዱ ሾት ከ3 እስከ 4 ሰከንድ የሚቆይበት። ቶና፦ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ የምናይበት፣ ሾቶቹ ከ1 ሰከንድ ተኩል እስከ 2 ሰከንድ የሚሆኑበት። በረካ፦ ከ8 እስከ 12 ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) የሚቆዩ አጫጭር ሾቶች ተከታትለው የሚወርዱበት፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሰላ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰከንድ አይሞሉም። ሦስቱንም ክፍል በእኩል ፍጥነት መቁረጥ የተማሪ ትሬይለር ዋነኛ ስህተት ነው። ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ የሚሮጥ ነገር ኋላ የሚፈጥንበት ቦታ አያገኝም።

የቡናውን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። በመጀመሪያው ኤዲት 20 ሰከንድ ወስዷል። ልጅቷ ትቀዳለች፣ ትጠይቃለች፣ አያት «ይሄ ለአጎትሽ ነው፣ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ማታ ማታ ይመጣል» ይላሉ፣ ከዚያ ነጭ የተቀባ ፊት ከጓዳ ብቅ ይላል። ተመልካቹ የሚጠይቀው ነገር አልቀረውም፤ ፊልሙን ሊያይ የሚመጣበት ምክንያትም አብሮ አለቀ። ያው ቀረጻ በ8 ሰከንድ እንዲህ ይሆናል፦

ከ0 እስከ 2፦ ረከቦቱ ከላይ ይታያል፣ ሦስተኛው ሲኒ እየሞላ ነው። የሚሰማው የቡናው ድምፅና ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ ብቻ ነው።

ከ2 እስከ 4፦ የልጅቷ ፊት። «እማማ፣ ሦስት ነን እኮ።»

ከ4 እስከ 5 ተኩል፦ የአያት እጅ፣ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ። ፊታቸው አይታይም። «ቅጂ ብቻ።»

ከ5 ተኩል እስከ 7፦ አራተኛው ሲኒ ይሞላል። ቆርቆሮውን ሲመታ የነበረው ዝናብ በድንገት ይቆማል።

ከ7 እስከ 8፦ ጥቁር። በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ቡናውን ፉት ሲል ይሰማል።

አዲስ ነገር አልተቀረጸም። የወጣው ማብራሪያውና ፊቱ ነው፤ የገባው ደግሞ የአንድ ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ትዕይንት በዚህ ዓይን እዩት፦ ተመልካቹ መልስ የሚያገኝበትን ዓረፍተ ነገር ፈልጉና ከእሱ በፊት ቁረጡ። ጭራቁ የግድ ይታይ ካላችሁ ከኋላው፣ በጥላ፣ ወይም እጁ ብቻ፣ ከ10 ፍሬም ላልበለጠ ጊዜ ይታይ።

«አያስፈራም»

ይህ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትሬይለሩን አዳምጡት። ከዚያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ዓይን ተጨፍኖም የሚያስፈራ ከሆነ ችግሩ ምስሉ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን ተቃራኒው ነው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሙዚቃ በአንድ ከፍታ ይጮኻል፣ ንግግሩም ሥሩ ታፍኖ ይቀራል።

ከፍታውን እንዲህ ደልድሉ። የንግግሩ ጫፍ ‑12 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ፤ ጣሪያው ዜሮ ነው) አካባቢ ይሁን። ከሥር የሚሄደው የነፋስ፣ የዝናብ ወይም የቤት ድምፅ ከ‑25 እስከ ‑30። ድንገቴው ማስደንገጫ ከ‑3 እስከ ‑1፤ ዜሮን ካለፈ ይሰነጠቃል፣ የሚሰነጠቅ ድምፅ ደግሞ ያናድዳል እንጂ አያስፈራም። ማስደንገጫው ጉልበት የሚያገኘው ከፊቱ ካለው ጸጥታ ነው። ከምቱ በፊት ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ አንሱት። የቤቱን ባዶ ድምፅ ግን ተዉት፤ ፍጹም ዝምታ ስፒከሩ የተበላሸ ያስመስላል። ለዚህ ሲባል በተቀረጸበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ 30 ሰከንድ መቅዳት ግዴታ ነው። ካልቀዳችሁ አሁን ሄዳችሁ ቅዱ።

የምቱ ድምፅና ምስሉ በትክክል አንድ ፍሬም ላይ ይግጠሙ። ድምፁ ከሁለት ፍሬም በላይ ከዘገየ ተመልካቹ ሳያውቀው ይስቃል። ያልተጠበቀ ሳቅ ወረቀታችሁ ላይ ካለ መጀመሪያ ይህን መርምሩ።

ሌላው የተለመደ ስህተት ጎርናና ድምፅ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ፣ በትልቅ ስፒከር ደረት የሚነቀንቅ 50 ኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ በስልክ ስፒከር ጭራሽ አይሰማም። ተመልካቻችሁ ደግሞ በአብዛኛው በስልክ ነው የሚያየው። ወፍራሙን ድምፅ አትጣሉት፤ ከ300 ኸርዝ በላይ የሚጮህ ሌላ ድምፅ ደርቡበት። የብረት በር ጩኸት ወይም ምጣድ በማንኪያ ሲፋቅ የሚወጣው ድምፅ ይሆናል።

ሙዚቃውን ከሰው ሰርጥ አውርዶ መለጠፍ ሁለት ጉዳት አለው፦ የባለመብት ጥያቄ ያስነሳል፣ ትሬይለሩንም እንደ ሌላው ሁሉ ያደርገዋል። ወሎ ውስጥ ሆኖ መሰንቆና ክራር ማጣት አስቸጋሪ ነው። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ቦታዎች የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው። ለዚህ ሥራ ግን ትዝታን አትንኩ፤ የሀገሬው ጆሮ ትዝታን ሲሰማ ናፍቆትና ፍቅር ነው የሚመጣበት፣ ፍርሃቱ ይበተናል። ግማሽ ድምፆች ተጠጋግተው የሚጋጩበት አንቺሆዬ ይሻላል። ከዜማም ባዶ ድምፅ ይበልጣል፦ መሰንቆ ተጫዋቹ ደጋኑን በጣም በዝግታ እየጎተተ ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ ለ20 ሰከንድ ይጫወት። ቀረጻውን በግማሽ ፍጥነት ስታዘገዩት ድምፁ አንድ ኦክቴቭ ይወርዳል፤ ሰው ያቃሰተ ይመስላል፣ ከምን እንደመጣም አይታወቅም።

ሌሎቹን ድምፆች ከቤት አውጡ። አጥንት ሲሰበር ለማስመሰል ሸንኮራ አገዳ ማይኩ አጠገብ ስበሩ። ደረቅ ቅጠል የሚረግጥ እግር ድርቆሽ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሲታሽ ይገኛል።

ስለ ጅብ አንድ ነገር እንበል። ወረቀቱ ላይ «የጅብ ድምፅ አስገቡ» የሚል አስተያየት ሳይኖር አይቀርም። የደሴ ሰው ጅብ ሲጮህ እየሰማ ያደገ ነው፤ ለእሱ የሌሊቱ ተራ ድምፅ ነው። የሚያስፈራው ሲጮህ የነበረው ጅብ ድንገት ዝም ሲል ነው። ውሾቹም እንዲሁ። ጩኸቱን ከትዕይንቱ 10 ሰከንድ ቀደም ብላችሁ በሩቁ አስገቡትና ነገሩ ሊደርስ ሲል ቁረጡት።

«ንግግሩ አይሰማም» ከተባለም ጥፋቱ የዝናቡ ሊሆን ይችላል። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ቤት የተቀረጸ ንግግር በሶፍትዌር ብዙ ጊዜ አይጠራም፤ ሲያጠሩት የሰው ድምፅ የቆርቆሮ ድምፅ ይሆናል። ንግግሩን ብቻ ድጋሚ ቅዱ። ፍራሽና ልብስ የበዛበት ክፍል ውስጥ ተዋናዩና ስልኩ ጋቢ ተከናንበው፣ ስልኩ ከአፍ 20 ሳንቲሜትር ርቆ ወደ ጎን ዘወር ይበል፤ ፊት ለፊት ከሆነ እንደ «ጵ» እና «ፕ» ያሉት ድምፆች ይፈነዳሉ። ዝናቡን ለብቻው ቀድታችሁ ከሥር አስገቡት።

«ጨለማ ነው»

ጨለማ የመሰለውና ጨለማ የሆነው ይለያያሉ። ተመልካች ጨለማ እንዲሰማው ቢያንስ አንድ ብርሃን ማየት አለበት፦ ኩራዝ፣ ሻማ፣ የበር ስንጥቅ። ኤዲት ላይ ዌቭፎርሙን (የምስሉን ብርሃን በቁጥር የሚያሳየውን ግራፍ) ክፈቱ። የሌሊት ትዕይንት ውስጥ ያለ ፊት ከ100 ከ25 እስከ 40 አካባቢ ይቀመጥ፣ ጥቁሩ ከ2 እስከ 5። በስልክ የተቀረጸ ፊት ከ10 በታች ከሆነ በግድ ስታነሱት አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይወርሰዋል፤ እንዲህ ያለውን ሾት ድጋሚ መቅረጽ ነው።

ድጋሚ ስትቀርጹ የስልክ ባትሪ ብርሃን በቀጥታ ፊት ላይ አታብሩ። አቡጀዴ ወጥራችሁ ከኋላው አብሩ፣ ወይም ግድግዳ ላይ አብርታችሁ ይመለስ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ የፊቱ ግማሽ ጥላ ውስጥ ይቅር። ቪዲዮው በመብራት ሥር የሚርገበገብ ከሆነ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚወስድበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉ፤ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከሌላ ቁጥር ጋር ይጣላል።

ውጪ በሌሊት መቅረጽ ካልተቻለ ቀኑን ሌሊት ማስመሰል ይቻላል። ፀሐይ የሌለበትን ሰዓት ምረጡ፣ ሰማዩ ምስሉ ውስጥ አይግባ፣ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚወስደውን ብርሃን) ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ (የኤክስፖዠር ደረጃ) ቀንሱ፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማመጣጠኛውን) 3200 ኬልቪን ላይ አስሩት፤ ምስሉ ሰማያዊ ይሆናል። ጉም ሲኖር ይህ በጣም ይሳካል። ጉሙ ግን ይከዳል። ክረምት የተቀረጸን ትዕይንት ጥቅምት ላይ ለማስቀጠል ብትሞክሩ አየሩ ጠርቶ፣ ሣሩ ቢጫ እየሆነ፣ ጥላው ደምቆ ታገኙታላችሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ መቅረጽም መፍትሔ አይሆንም፣ የታችኛው ብርሃን ሌላ ነው። እንዲህ ሲሆን የውጪውን ሾት ትታችሁ የጎደለውን በቤት ውስጥ ቅርብ ሾት ሙሉት፦ እጅ፣ ሲኒ፣ የበር መዝጊያ። ልብሱንና የሲኒዎቹን ቦታ ከድሮው ቀረጻ ፎቶ አውጥታችሁ እያያችሁ አስተካክሉ።

ደሙ «ድልህ ይመስላል» ከተባለ በጣም ቀልቶ ነው። አንድ ብርጭቆ ደረቅ ከርከዴ በሁለት ብርጭቆ ውሃ 15 ደቂቃ አፍሉ፣ አጥልሉ፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር ጨምራችሁ እስኪወፍር አፍሉት፣ ሲበርድ ጥቂት ጠቆር ያለ ቡና ጠብ አድርጉበት። ልብስ ያበላሻል፤ ሳሙና ሲነካውም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ስለዚህ በተዋሳችሁት ነጠላ ላይ አትሞክሩት።

ጽሑፉ

«ስሙ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ወጣ» የሚለው የፎንት ጉዳይ ነው። ደም የሚንጠባጠብባቸው የተለመዱ አስፈሪ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ፤ በጥቁር ላይ ነጭ፣ በፊደላቱ መካከል ትንሽ ክፍተት ይበቃል። አንድ ካርድ ላይ ከ4 ቃል አይብለጥ፣ ሁለት ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶ እስኪነበብ ይቆይ። ምሳሌያችን ውስጥ ሦስቱ ካርዶች «አቦል»፣ «ቶና»፣ «በረካ» ብቻ ቢሆኑ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ከበረካ በኋላ ምን እንደሚመጣ ተመልካቹ ራሱ ይጨነቃል። የተዋንያን ስም በ3 ሰከንድ መጨረሻ ላይ ይለፍ።

ለድምር የማይቀርቡ አስተያየቶች

አንድ ሰው «የጥይቱን ድምፅ አውጡት» ቢላችሁ አትከራከሩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር፤ ያን ድምፅ ቤቱ ሆኖ የሰማ ሰው ትሬይለር አይደለም የሚያየው። ፍርሃቱን በሌላ ድምፅ ሥሩት። በዚሁ ምክንያት ማታ ጩኸት ያለበት ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት ለጎረቤትና ለቀበሌው ንገሩ።

መንዙማን፣ ቅዳሴን ወይም የወዳጃን ዱዓ ለማስፈራሪያ ከሥር ያስገባ ቡድን ካለ ያውጣው። ሰው የሚጸልይበት ድምፅ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ በሚኖርበት ወሎ አዳራሹ ግማሽ በግማሽ ይቀየማል፣ በቀረው ሰከንድም የሚፈራ ሰው አታገኙም። መቃብር ቦታም ያለ ፈቃድ አይቀረጽም። ከሁሉም በላይ «ቡዳው» ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ እንዳይሆን። በዚህ ስም እስካሁን የሚገለሉ እውነተኛ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸው አጠገባችሁ ተቀምጠው ይማሩ ይሆናል። ገጸ ባሕሪው ሌላ ሥራ ይያዝ፣ ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም።

ኤክስፖርትና ሁለተኛው ማሳያ

የምስሉ መጠን 1920 በ1080፣ የቪዲዮው መጭመቂያ ኤች 264፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚወጣው የመረጃ መጠን) ከ10 እስከ 12 ሜጋቢት ይሁን። ጨለማ ምስል በዝቅተኛ ቢትሬት ሲወጣ ጥቁሩ ይሰነጣጠቃል፣ ስለዚህ ከ8 አትውረዱ። አጠቃላይ የድምፅ መጠኑን ‑14 ሉፍስ (የአማካይ የድምፅ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ አድርጉት፤ ዩቲዩብ ከዚያ በላይ የጮኸውን ራሱ ይቀንሰዋል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ተጨምቆ የለፋችሁበት ጨለማ ጭቃ ሆኖ ይደርሳል። ከመላካችሁ በፊት በርካሽ ስልክ፣ ብርሃኑን ግማሽ አድርጋችሁ፣ ቀን ላይ አንድ ጊዜ እዩት።

ሁለተኛውን ማሳያ ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች አታሳዩ፤ የት እንደሚደነግጡ አውቀውታል። ሌላ 6 ሰው ፈልጉ፣ ያንኑ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፣ አዲሱን ወረቀት ከአሮጌው ጎን አስቀምጡ። አሁንም አንድ ሰከንድ ላይ ሦስት ሰው ከተሰናከለ ወደ እሱ ብቻ ተመለሱ፤ ሌላውን አትንኩ።